ማራገቢያውን የያዘች ትንሽ ጣት

ስለ አቧራ ብዙ አውቃለሁ ብል ጉራ አይሁንብኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን የጨረስኩት ጉለሌ ውስጥ ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ የኮምፒውተር ሆድ ስከፍትና ስጠርግ ነው። የሸጎሌ አቧራ ቡናማ ነው፤ ነፋስ ከከብት ገበያው በኩል ስለሚያመጣው የገለባ ስባሪና የበግ ፀጉር አይጠፋውም። የቀጨኔው እንደየመንደሩ ይለያያል። ሸክላ ሠሪዎቹ ባሉበት በኩል ቀይና ደቃቅ ነው፤ ሸማኔዎቹ ባሉበት ደግሞ የጥጥ ብናኝ ስለሚበዛበት በጣት ሲያነሱት ተያይዞ ይመጣል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ከፍ ሲሉ ጥላሸትና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዱቄት ይቀላቀልበታል። ጠመኔማ የሌለበት የለም። አንድ እፍኝ አቧራ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ብታመጡልኝ ከየት እንደመጣ እነግራችኋለሁ። እስካሁን ያመጣልኝ ሰው ባይኖርም።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችለው አዲሱ ኃላፊዬ ቢሮው አስጠርቶ በአክብሮት ካስቀመጠኝ በኋላ፣ «እትዬ አስካለ፣ በእርስዎ ቦታ ሰው አንቀጥርም። አሁን ሁሉም ወደ ላፕቶፕ እየሄደ ነው። ዴስክቶፕ መጥረግ የሚባል ሥራ ከእርስዎ ጋር አብሮ ጡረታ ይወጣል» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንደ ምስጋና አስቦት ነው የተናገረው። እኔ ግን ከቢሮው ስወጣ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። የታየኝ አንድ ኮምፒውተር ነበር። ቀጨኔ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ የይልማ ኮምፒውተር።

ይልማ ዓይነ ስውር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ መጽሐፉንም፣ የተማሪዎቹን ድርሰትም፣ ፈተናውንም የሚያነብለት እሱ ነው። ያ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ሞቶበት ያየውን መከራ አብሬው አይቻለሁ። እኔ ከሄድኩ ማን ይጠርግለታል? ይህን የሚያስጽፈኝም ይኸው ጥያቄ ነው፤ መልሱ ካልጠበቅሁት በኩል መጣና።

ግን ከመጀመሪያው ልነሳ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ታይፒስት ሆኜ ነው። ለቢሯችን የመጀመሪያው ኮምፒውተር መጥቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሙሽራ የመጣ ይመስል ነበር። ዳንቴል ሠርቼ አለበስኩት። ያን ጊዜ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ዳንቴል ይለብስ ስለነበር ኮምፒውተሩን እርቃኑን ማስቀመጥ ነውር መሰለኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከምሳ ስንመለስ ድርግም እያለ መጥፋት አመጣ። የጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ይጠፋል። የዚያን ጊዜው አለቃዬ፣ ቁጣ የሚቀድመው ሰው፣ «እጅሽ ከባድ ነው» ብሎ መዝገብ ቤት ሊያዛውረኝ ተነሳ።

ጋሽ ሙክታርን ያወቅኋቸው ያኔ ነው። የጥገና ክፍሉ ባለሙያ ነበሩ፤ ድሮ የጽሕፈት መኪናና ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ፣ ትውልዳቸው ከስልጤ፣ ቀጠን ያሉ ሰው። መጡና ካቻቢቴያቸውን እንኳ ሳያወጡ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መቼ ነው የሚጠፋው?» አሉኝ።

«ከሰዓት።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ደህና ነው።»

«ፀሐይ በየትኛው መስኮት ነው የምትገባው?»

አለቃዬ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ጋሽ ሙክታር፣ ኮምፒውተር እንጂ ችግኝ አይደለም እኮ!» አለ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ከሳጥኑ ጀርባ አሸተቱ። በሁለት ጣት ዳንቴሌን አነሱና አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ያምራል። ግን ልጄ፣ አፉን አፍነሽ ሩጥ ብትይው እንዴት ይሩጥ?»

ከዚያ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀሉ፤ ነቅለውም የማብራቱን ቁልፍ ጥቂት ተጭነው ያዙት። «የቀረ መብራት ካለ ይውጣለት» አሉ። ሳጥኑን፣ ሁላችንም ሲፒዩ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ታቅፈው ወደ በረንዳ ወጡ። ስንከፍተው ውስጡ ባና በመሰለ አቧራ ተሸፍኗል። ማራገቢያው ላይማ ተጠቅልሎ ክንፎቹ አይለዩም። ጋሽ ሙክታር ነጭ ወረቀት አንጥፈው ያወጡትን አቧራ እዚያ ላይ አኖሩና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ያዩት ጀመር። አንድ ቀጭን አረንጓዴ ክር መዝዘው፣ «ይኼ ከማን ሹራብ ነው?» አሉ።

የኔው ነበር! ጠዋት ጠዋት ስለሚበርደኝ ወንበሬ ላይ የማንጠለጥለው አረንጓዴ ሹራብ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ሀፍረት አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ለካ ይህ ሳጥን እኛን ሲተነፍስ ነው የከረመው! ጠርገነው ስንመልሰው ከሰዓትም ሳይጠፋ ዋለ። አለቃዬ መዝገብ ቤቱን ዳግም አላነሳውም። እኔ ግን ወደ ጥገና ክፍል አዛውሩኝ ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። ደመወዙ በመጠኑ አነሰብኝ፤ ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ከጋሽ ሙክታር ጋር ዓመታት ሠራን። ሳጥን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው አድርቀው፣ ሰዓታቸውንና የብር ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። «ቢስሚላህ» ይሉና የሳጥኑን ብረት በመዳፋቸው ይነካሉ። ማታ ሹራብ ሲያወልቁ ቷ ቷ የሚለው ነገር ሰውነት ላይ እንዳለና ለእኛ መዥገር ያህል የማይሰማን ይህ ብልጭታ ለሰርኪቱ መብረቅ እንደሆነ የነገሩኝ ያኔ ነው። ብሎኖቹን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ በየጎናቸው ለይተው ያኖራሉ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ አላቸው፤ ለሌላ ሥራ የነካው ሰው ወዮለት። ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚጠርጉት። በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው፤ «አፍ ምራቅ አለው፤ ምራቅ ደግሞ ውኃ ነው» ይላሉ። ብሩሹ የማይደርስበትን የሕፃናት አፍንጫ በሚጸዳበት የጎማ ፊኛ አጭር አጭር እያደረጉ ይነፉታል። መብራቱን ተቀብሎ የሚያድለውን ፓወር ሳፕላይ ግን ከውጭ ከመጥረግ በቀር አይከፍቱትም። «እሱ ተነቅሎም ቂም ይይዛል» ይሉኝ ነበር፤ እውነትም መብራት ቋጥሮ ስለሚቆይ ሰው ይጎዳል።

ከሁሉም የምወደው ማራገቢያውን የሚይዙበትን መንገድ ነው። ቀኝ እጃቸው ሲጠርግ፣ የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ማራገቢያው መሃል ላይ አስደግፈው እንዳይዞር ያደርጉታል። ሌሎቹ ጣቶቻቸው ወደ ላይ ይቆማሉ። ባዶውን በኃይል የዞረ ማራገቢያ ወገቡ ይላላል፤ መብራት አመንጭቶ ሰርኪቱንም ሊጎዳ ይችላል። ሌሎች ባለሙያዎች በስንጥር ወይም በእስክሪብቶ ሲይዙት አይቻለሁ። በትንሽ ጣት የሚይዝ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ለምን ትንሿን እንደመረጡ ጠየቅኋቸው። «ሌሎቹ ሥራ አላቸው፤ እሷ ናት የተቀመጠችው» አሉኝ። ሳላስበው የኔም ጣት እንደዚያው ለመደ።

ይልማን ያወቅሁት እሱ ራሱ አስጠርቶኝ ነው። ደርሼ ኮምፒውተሩን ባየው ምንም አልሆነም፤ ይሠራል።

«ምኑ ተበላሸ ታዲያ?» አልኩት።

«አልተበላሸም። ድምፁ ወፍሯል።»

«የምን ድምፅ?»

«የማራገቢያው። ባለፈው ወር እንዲህ አልነበረም። አሁን ዳገት የሚወጣ ሰው ይመስላል።»

ስከፍተው የጥጥ ብናኝ ማራገቢያውን ሊይዘው ጀምሯል። ገረመኝ። እኔ አቧራን የማውቀው በዓይኔ ነው፤ ይህ ሰው ከመታየቱ በፊት ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ሥራ ባይኖረኝም ቀጨኔን ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እያልኩ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች እንዲያዳምጥልኝ አደርግ ነበር። «ይኼኛው ያፏጫል፤ ያኛው ጥርሱን ያፋጫል» ይለኛል። ከፍቼ ሳይ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ሲሳሳት ደግሞ ይናደዳል። ጠዋት ጠዋት ለነገሩ በሁሉም ነገር ይናደዳል።

በዚያ ትምህርት ቤት ይልማን እንደ ታናሽ ወንድሟ የምትሳሳለት አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለች፤ ዘነበች ትባላለች። ለኮምፒውተሩ ዳንቴል የሠራችለትም እሷ ናት። በሄድኩ ቁጥር አወልቃለሁ፤ በተመለስኩ ቁጥር ለብሶ አገኘዋለሁ። ታዲያ አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለና ትምህርት ቤቱ በጽዳት ተተራመሰ። ዘነበችም ለመምህሯ ውለታ ልትውል አሰበች። ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልላ፣ በእጅ ጋሪ አስጭና መንገድ ዳር ጎማ ወደሚነፋው ጎሚስታ ወሰደችው።

ይህን ያደረገችው እሷ ብቻ እንዳትመስላችሁ። በከተማችን ጎሚስታ የማይነፋው ነገር የለም። የመኪናው ፊልትሮም፣ የልብስ ስፌት መኪናውም፣ ኮምፒውተሩም እዚያው ይሄዳል። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ አቧራው ሲቦንን ሲታይ ደግሞ አንጀት ያርሳል። ግን አየር የሚታመቅበት የኮምፕሬሰሩ ጋን ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ዘይትም አለበት። ጎሚስታው ቱቦውን ደቅኖ ሲለቀው ማራገቢያው እየጮኸ ዞረ፤ አቧራው ወጣ፤ በምትኩ እርጥበት ገባ። ዘነበች ንጹሕ ሆኖ ስላየችው ደስ ብሏት መርቃው ተመለሰች። ሳይደርቅ ሶኬቱ ላይ ሰካችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የዚህ ግን የሚለቀም አልቀረለትም። ቷ አለና የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ሲደወልልኝ ጋሽ ሙክታርንም ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። በሩ ላይ ቆመው አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም የሚያያዝበት ዋናው ሰሌዳ፣ ሞቷል። ያ ቢሞት ይተካል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን አብሮ ተቃጥሏል። ይልማ ለዓመታት ያዘጋጀው ትምህርት፣ በጆሮው እየሰማ አርሞ አርሞ ያስተካከላቸው መልመጃዎች፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ አልተገለበጠም። ዲስኩን በሌላ ሳጥን ሞከርነው፤ እምቢ አለ። መሃል ከተማ የጠፋ ፋይል እናወጣለን ወደሚሉ ሰዎች ወሰድኩት፤ መልሰው ሰጡኝ። ከሥራዬ ሁሉ የማይረሳኝ ሽንፈት ይህ ነው። ያን ዲስክ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ረዳቱ፣ «እናት፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለኝ።

ለይልማ ስነግረው ዘነበችም እዚያው ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቃለች። እሱ ልቅሶዋ ወደሚሰማበት ዞረ። ከዚያ፣ «ዘኑ» አላት፣ «ቅንድብ ላሳምር ብላ ዓይን አጠፋች ይባላል። የኔ ግን ድሮውኑ የጠፋ ነበር እኮ፤ ምን አደከመሽ?» አላት። እሷ ይባስ ተንሰቀሰቀች። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ቀልዱ ግን ያን ቀን ብቻ ነበር። ይልማ ኮምፒውተር አጥቶ በከረመበት ጊዜ የተማሪዎቹን ወረቀት ሌሎች መምህራን ሲያመቻቸው ያነቡለት ነበር። ሰው ሥራውን ትቶ ለሌላ ሰው ስንት ቀን ያነባል? «ልመና ሰለቸኝ» አለኝ አንድ ቀን። «ሥራዬን ልተው ነው።» ይህን ለጋሽ ሙክታር ስነግራቸው በማግስቱ በጠዋት መጡ። በፈቃድ የትምህርት ቤቱ ስቶር ገብተን ከተጣሉ ሳጥኖች መሃል ከአንዱ ማዘርቦርድ፣ ከሌላው ዲስክ፣ ከሦስተኛው ማራገቢያ እየፈታን አንድ ጤነኛ አበጀን። ጋሽ ሙክታር ሲሠሩ ያየኋቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትንሿ ጣታቸው ማራገቢያው ላይ ስታርፍ ግን ጸጥ ትላለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ኃላፊዬ ሥራው አብሮኝ ጡረታ እንደሚወጣ ሲነግረኝ የታየኝ ያ ኮምፒውተር ነው። ቀጨኔ ሄጄ ለይልማ ነገርኩት። ካሁን በኋላ ድምፁ ሲወፍር የሚጠራው ሰው እንደማይኖር፣ ዘነበች ደግሞ ተጨንቃ ዳግም ወደ ጎሚስታ እንዳትወስደው መፍራቴን።

«እኔ ለምን አልማርም?» አለኝ።

ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። እሱም የወንበሬን መንቋቋት ሰማ። «እትዬ፣ እርስዎ ብሎን የሚፈቱት በዓይንዎ ነው?»

እቤቴ ሄጄ ሞከርኩት። አሮጌ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ብሎኖቹን አገኘኋቸው። ሽፋኑን አንሸራትቼ አወጣሁ። ማራገቢያውንም፣ ብሩሹ የሚሄድበትንም እጄ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ዘመን የሠራሁት በዓይኔ ይመስለኝ ነበር! ልጄ ገብታ፣ «እማዬ ምን ነካሽ?» እስክትለኝ ድረስ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየሄድኩ አስተማርኩት። መጀመሪያ እጁ በእጄ ላይ፣ ቀጥሎ እጄ በእጁ ላይ። ገመዱን እስከ ሶኬቱ ድረስ በጣቱ እየተከተለ መነቀሉን ያረጋግጣል። ሙቀቱን በመዳፉ ይለካል፤ ካልቀዘቀዘ አይከፍትም። ፓወር ሳፕላዩን አስነክቼው፣ «እዚህ ቤት በሩን እንኳ አታንኳኳ» አልኩት። ጠዋት ከሆነ ይቆጣኛል፤ ከሰዓት ከሆነ ያሾፍብኛል። ትንሽ ጣት ስለምትባል ነገር አንድም ቀን አላነሳንም። እኔም አላሰብኳት።

በሥራዬ የመጨረሻ ሳምንት ኮምፒውተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ልጠርግለት ሄድኩ። ዘነበች በረንዳው ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። «እትዬ፣ እንዳይገቡ ተብሏል» አለችኝ።

«በማን?»

«በመምህርዬ። ይቁሙና ከዚህ ይዩ።»

ይልማ በረንዳው ጥግ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሳጥኑን ከፍቶ ይሠራል። ብሎኖቹ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ናቸው። በቀኝ እጁ ይጠርጋል። የግራ እጁ ትንሽ ጣት ማራገቢያው መሃል ላይ አርፋለች፤ ሌሎቹ ጣቶቹ ወደ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሙክታርን አይቷቸው አያውቅም፤ ሊያያቸውም አይችልም ነበር። የራሴን ትንሽ ጣት አንስቼ አየኋት። ዘነበች ምን እንደሆንኩ ስላልገባት ክንዴን ያዘችኝ።

ጠርጎ ሲጨርስ ነጩን ወረቀት ወደ እኛ ገፋ አደረገው። «እትዬ፣ መቆምዎን ሰምቻለሁ። ይኼን እኔ አልችለውም፤ ያንብቡልኝ።»

ጎንበስ አልኩ። «ጠመኔ። የሸማኔ ጥጥ። ትንሽ ቀይ አፈር። እና... ይኼ ምንድን ነው? ነጭ፣ የተገመደ ክር። ዳንቴል!»

«ዘኑ!» አለ ይልማ።

«ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው!» አለች ዘነበች። «ሲጠፋ! በእመቤቴ፣ ተነቅሎ ሲጠፋ ብቻ ነው!»

ሽፋኑን ገጠመ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሰ። ወደ ክፍሉ ወስደን ሰካነው። ቁልፉን ተጭኖ ራሱን ዘንበል አደረገ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አብሬው አዳመጥኩ። ማራገቢያው ሳይወፍር፣ ሳያፏጭ፣ በዝግታ ተነሳ። ቀጥሎ የሚያነብለት ያ ድምፅ በእንግሊዝኛው መናገር ጀመረ።

ይልማ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና እጆቹን ኪቦርዱ ላይ አኖረ።

«በሉ እንግዲህ እትዬ» አለኝ። «አሁን ጡረታዎን ይውጡ።»